ክኒኑና የአንጎል ደም

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከጎንደርና ከአካባቢዋ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ለሳይኮሲስ፣ ማለትም ሰው የሌለ ድምፅ ለሚሰማበትና ከእውነታ ለሚርቅበት የአእምሮ ሕመም፣ የሚታዘዙት መድኃኒቶች የአንጎልን ደም ምን ያደርጉታል? ፍርሃቱ ይገባናል። ቤተሰብ መድኃኒት የሚያስቆመው ብዙውን ጊዜ ከፍቅር በመነጨ ስጋት ነው። በዚህ እትም ዓምዱን በሙሉ ለዚህ ጥያቄ ሰጥተነዋል።

«ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው። ድምፅ ይሰማኛል፣ ሰዎች ይከታተሉኛል ማለት ሲጀምር ሐኪም ዘንድ ወሰድነው፤ ማታ ማታ ሃሎፔሪዶል 5 ሚ.ግ እና አርቴን ታዘዘለት። አሁን ይተኛል፣ ድምፁም ቀንሶለታል። ግን ፈዟል፣ ፊቱ አይፈታም። አንዲት ጎረቤታችን ‹ይኼ ክኒን የአንጎሉን ደም ያደርቀዋል፣ ስንቱን አይቻለሁ› ብላ እናቴን አስፈራራቻት። እናቴ አሁኑኑ ይቁም ትላለች። እውነት ደም ያደርቃል?» (እኅት፣ ከማራኪ)

አያደርቅም። የጎረቤታችሁን ቃል ግን እንዲሁ አንጥለውም። ያየችው ነገር አለ፤ የተሳሳተችው ምክንያቱን ነው።

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ልብ ከሚረጨው ደም 15 በመቶውን፣ ሰውነት ከሚጠቀመው ኦክስጅን ደግሞ 20 በመቶ ገደማውን ይወስዳል። በጤነኛ ጎልማሳ ለእያንዳንዱ 100 ግራም አንጎል በየደቂቃው በአማካይ 50 ሚሊ ሊትር ደም ይደርሳል። ታዲያ ይህ ደም ለሁሉም ክፍል እኩል አይደርስም። የደንቢያ ገበሬ የመስኖውን ውኃ ወደጠማው መደብ እንደሚመልስ ሁሉ፣ አንጎልም ደሙን የሚመልሰው በዚያች ሰዓት ሥራ ወደበዛበት ክፍል ነው። የነርቭ ሴሎች ሥራ ሲበዛባቸው ናይትሪክ ኦክሳይድን የመሰሉ ኬሚካሎች ይለቀቃሉ፤ በአካባቢው ያሉት ትንንሽ ደም ስሮች ይሰፋሉ፤ ደሙ ይገባል። ሥራው ሲያልቅ መልሰው ይጠባሉ።

ሃሎፔሪዶል የሚይዘው ዶፓሚን የሚባለው የአንጎል መልእክተኛ ኬሚካል የሚያርፍበትን «ዲ2» የሚባል ተቀባይ ነው። ይህ ተቀባይ በብዛት የሚገኘው በአንጎል መሐል፣ ስትራያተም በሚባለው ክፍል ነው። እዚያ ዶፓሚን በዲ2 በኩል አንዳንድ ነርቮችን ጸጥ ያሰኛል። ክኒኑ ተቀባዩን ሲይዘው ጸጥ ብለው የነበሩት ነርቮች ይነቃሉ፤ ሲነቁ ደም ይጠራሉ። ስለዚህ በዚያ ክፍል ፍሰቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ጤነኛ ፈቃደኞች አንድ ጊዜ ብቻ 3 ሚ.ግ ሃሎፔሪዶል ወስደው በተለኩበት ጥናት እንኳ ይኸው ታይቷል። በአንጻሩ ከግንባር በስተኋላ ባለው የፊተኛው ክፍል በበርካታ ጥናቶች ፍሰቱ በመጠኑ ሲቀንስ ተገኝቷል። ውኃው ከመደብ ወደ መደብ ተመለሰ እንጂ ቦዩ አልደረቀም።

የፊተኛውን ክፍል መቀነስ ሁሉ በክኒኑ ማሳበብም አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካዊው ሲሞር ኬቲና ባልደረቦቹ የስኪዞፍሬኒያ (ሳይኮሲስ ከሚያመጡት ሕመሞች አንዱ) ታማሚዎችን ጠቅላላ የአንጎል ደም ፍሰት ለክተው ከጤነኛ ሰው የተለየ አላገኙበትም። ያኔ እነዚህ መድኃኒቶች ገና አልነበሩም፤ የመጀመሪያው ክሎርፕሮማዚን ለሳይኮሲስ የዋለው በ1952 ፓሪስ ውስጥ ነው። በ1974 ስዊድን ውስጥ ኢንግቫርና ፍራንዜን ክፍል በክፍል ሲለኩ ግን የታማሚዎቹን ፊተኛ ክፍል ዝቅ ብሎ አገኙት። ከዚያ ወዲህ ክኒን ቀምሰው በማያውቁ ታማሚዎችም ላይ ይህ ዝቅታ ታይቷል። ሕመሙ ራሱ ድርሻ አለው ማለት ነው።

አሁን ወደ ወንድምሽ መፍዘዝ እንምጣ። ጎረቤታችሁ ያየችው ይህን ነው፤ ምክንያቱ ግን የደም ማነስ አይደለም። ክኒኑ በስትራያተም ካሉት ዲ2 ተቀባዮች ወደ 65 በመቶ የሚሆኑትን ሲይዝ ድምፁና ጥርጣሬው መቀነስ ይጀምራል። 80 በመቶ አካባቢ ሲያልፍ ደግሞ ፊት ይደርቃል፣ እርምጃ ያጥራል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው፤ አንዳንድ ሰው በቀን 2 ሚ.ግ ሃሎፔሪዶል ብቻ ወስዶ ከክፍተቱ ውስጥ ይገባል። መጠን መጨመር ሁልጊዜ ጥቅም አይጨምርም የምንለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከማስቆማችሁ በፊት ለሳምንት ያህል እነዚህን ተመልከቺና ጽፈሽ ለሐኪሙ ስጪው። ሲራመድ ሁለቱም እጆቹ ይወዛወዛሉ ወይስ አንዱ ከጎኑ ተጣብቆ ይቀራል? የሸሚዙን ቁልፍ ለመቆለፍ ከወትሮው ይዘገያል? ትራሱ ላይ ምራቅ ይገኛል? ተቀምጦ መቆየት አቅቶት ይቁነጠነጣል? «ፈዟል» ከሚለው አንድ ቃል ይልቅ እነዚህ አራቱ ለሐኪሙ ብዙ ይነግሩታል። በዚያ ላይ ተመርኩዞ መጠኑን ሊቀንስ፣ ወይም ወደ ሪስፔሪዶን ወይም ኦላንዛፒን ሊቀይር ይችላል። አርቴንን፣ ማለትም የመድረቁንና የመንቀጥቀጡን ማስታገሻ፣ ግን በራሳችሁ አትጨምሩለት፤ ሲበዛ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ማስታወስንም ያውካል።

አንድ ነገር ልንደብቅሽ አንፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ጥናት ዝንጀሮዎች ከ17 እስከ 27 ወራት ሃሎፔሪዶል ወይም ኦላንዛፒን ተሰጥቷቸው የአንጎላቸው ክብደት ካልተሰጣቸው ከ8 እስከ 11 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ለሰው ምን ያህል እንደሚሠራ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ትርጉሙ መድኃኒቱን በሚበቃው ዝቅተኛ መጠን መውሰድ ነው። በድንገት ማቆም ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ትንታኔ እንደሚለው፣ መድኃኒታቸውን ከቀጠሉት 100 ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ሕመሙ ያገረሸባቸው 27 ሲሆኑ፣ በባዶ ክኒን ከተተካባቸው 100 ውስጥ ግን 64 ናቸው። ለእናትሽ ከሁሉ በፊት ይህን ቁጥር ንገሪያት።

«46 ዓመቴ ነው። ክሎርፕሮማዚን 200 ሚ.ግ ማታ እወስዳለሁ። ለቅዳሴ ሌሊት 10 ሰዓት ስነሳ ዓይኔ ይጨልማል፤ ባለፈው ሳምንት ደጃፌ ላይ ወደቅሁ። ሁዳዴን እጾማለሁ። የባሰብኝ ሁለት ሳምንት ጸበል ቆይቼ ስመለስ ነው፤ እዚያ ሳለሁ መድኃኒቱን አቁሜ ነበር።» (ከአዘዞ)

ከላይ ለእኅታችን የነገርናት አንጎል ውስጥ ስላለው የደም ድልድል ነው። የእርስዎ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ደሙ በእውነት ወደ አንጎል ሳይደርስ ይቀራል፣ ለጥቂት ሰከንዶችም ቢሆን። ከሁለቱ ሰው የሚጥለው፣ ዳሌ የሚሰብረው ይኼኛው ነው። ደግነቱ መከላከል ይቻላል።

ሰው ከተኛበት ሲቆም ከ500 እስከ 700 ሚሊ ሊትር ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል። ጤነኛ ሰውነት ይህን ወዲያው ያውቅና የእግሩን ደም ስሮች ጨምቆ ደሙን ወደ ላይ ይመልሰዋል። የመጨመቁ ትእዛዝ የሚደርሰው «አልፋ 1» በሚባል ተቀባይ በኩል ነው፤ ክሎርፕሮማዚን ደግሞ ይህን ተቀባይ ይዘጋዋል። ትእዛዙ ይተላለፋል፣ ደም ስሩ አይሰማም።

በቁጥር እንየው። ተኝተው ሳለ ግፊትዎ 110/70 ነበር እንበል፤ ሲቆሙ 85/55 ሆነ። አማካዩን ለማግኘት የታችኛውን ቁጥር ይያዙና የሁለቱን ልዩነት ሲሶ ይጨምሩበት፦ 55 ሲደመር 10፣ 65 ነው። ይህ በልብ ደረጃ ነው። የቆመ ሰው ጭንቅላት ከልቡ 25 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ስለሚል ደሙ ሽቅብ ሲወጣ 20 ያህል ይጎድላል። አንጎል ጋ የሚደርሰው 45 ገደማ ነው። የአንጎል ደም ስሮች ግፊት ሲወርድ ራሳቸውን እያሰፉ ፍሰቱን ጠብቀው ለመቆየት ይችላሉ፤ ግን ይህ ችሎታቸው ወሰን አለው፣ አማካዩ ከ60 በታች ሲወርድ እየከዳቸው ይሄዳል። ያኔ መጀመሪያ ዓይን ይጨልማል፣ ጆሮ ይጮኻል፣ ከዚያ ጉልበት ይከዳል። ደም ጨርሶ ከተቋረጠ ሰው ራሱን ለመሳት 10 ሰከንድ አይፈጅበትም።

ከጸበል መልስ የባሰብዎት ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። ሰውነት ክሎርፕሮማዚንን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየለመደ ማዞሩን ይቀንሳል። ሁለት ሳምንት ሲያቋርጡ ልማዱ ጠፋ፤ ተመልሰው በአንድ ጊዜ 200 ሚ.ግ ሲውጡ ሰውነትዎ እንደ አዲስ ተቀበለው። በዚያ ላይ ጾሙ አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ ሲውሉ ደም ስር ውስጥ ያለው ፈሳሽ ራሱ ይቀንሳል።

ጸበሉን ተዉ አንልም። መድኃኒቱን ይዘው ይሂዱ፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ክሎርፕሮማዚን ለጥቂት ቀናት ከተቋረጠ ግን በሙሉው መጠን አይመለሱ፤ በስንት እንደሚጀምሩ ያዘዘልዎትን ሐኪም ይጠይቁ። ክሎዛፒን የሚወስድ አንባቢ ካለ ደግሞ ይህን በደንብ ይያዝ፦ ከ48 ሰዓት በላይ ከተቋረጠ የሚጀመረው እንደገና ከ12.5 ሚ.ግ ነው፣ ያውም በሐኪም ትእዛዝ።

ሌሊት አነሳስዎ እንዲህ ይሁን። ዓይንዎን ሲገልጡ አይነሱ። ተኝተው ሳሉ ቁርጭምጭሚትዎን ወደ ላይና ወደ ታች 20 ጊዜ ያንቀሳቅሱ። አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ይበሉ፣ እግርዎ መሬት ይንካ፣ ሁለት ደቂቃ ይቆዩ። ግድግዳ ወይም መቃን ይዘው ይቁሙ፤ ቆመውም ባሉበት አንድ ደቂቃ ሳይራመዱ ይጠብቁ። ማዞር ከመጣ መልሰው ይቀመጡ፤ እንደምንም ደጅ ልድረስ አይበሉ፣ የወደቁትም እንዲያ ሲሉ ይመስለናል። ሽንት ቤት ውጭ ከሆነ በሌሊት መያዣ አጠገብዎ ያድርጉ። ቅዳሴ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲቆሙ እግርዎን እያፈራረቁ የባትዎን ጡንቻ ያጥብቁ፣ መቋሚያዎንም ይደገፉበት። ቁጭ ማለት ሲያስፈልግ ቁጭ ይበሉ።

ውኃ ደግሞ ልብዎ ወይም ኩላሊትዎ ካልታመመ በቀን 2 ሊትር ያስፈልግዎታል። በጾም ወቅት ይህን ከዘጠኝ ሰዓት እስከ መኝታ ከፋፍለው ይጠጡት። እየወደቁ መጾም ስለሚገባና ስለማይገባዎ ግን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ። አረቄ ደም ስር ያሰፋል፤ ከዚህ ክኒን ጋር አይሆንም። ለደም ግፊት ወይም ለፕሮስቴት የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት ካለ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ አንዳንዶቹ ያንኑ አልፋ 1 ይዘጋሉ፣ ሁለቱ ሲደመሩ ይጥላሉ።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ ግፊትዎን ተቀምጠው ብቻ ተለክተው አይመለሱ። አምስት ደቂቃ ተኝተው ይለኩ፣ ይቁሙ፣ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ደግመው ይለኩ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስልዎ ወይም እንደ ሃሎፔሪዶል ያለ አልፋ 1ን እምብዛም የማይነካ ሊቀይርልዎ ይችላል። ከነዚህ መድኃኒቶች ግፊት በመጣል የሚታወቁት ክሎርፕሮማዚንና ክሎዛፒን ናቸው፤ ሪስፔሪዶን መካከለኛ ነው።

ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርዱ አንባብያንም ይህን ያንብቡ። ክሎርፕሮማዚን ሰውነት ሙቀቱን የሚያበርድበትን መንገድ ያውካል፤ ቆላ ላይ ማዞሩም የሙቀት ምቱም ይብሳል። የወደቀ ሰው ስታገኙ ደግፋችሁ አታስቀምጡት፤ በጀርባው አስተኝታችሁ እግሩን ከፍ አድርጉለት።

«ልጃችን ሳይኮሲስ አለበት ተባለ። ዘመድ ‹አዲስ አበባ ወስዳችሁ ኤምአርአይ አስነሱት፣ የአንጎሉ ደም ዝውውር ይታይ፣ መድኃኒቱም በዚያ ይመረጣል› ይለናል። በሬ ሸጠን እንሂድ?» (ከዳባት)

ለዚህ ብላችሁ በሬ አትሽጡ። የተለመደው ሲቲ ስካንም ኤምአርአይም የሚያሳየው የአንጎሉን ቅርጽ ነው፤ ዕጢ፣ የፈሰሰ ደም፣ የቆየ ጠባሳ። የደም ፍሰትን የሚለኩት መሣሪያዎች ሌሎች ናቸው። ደግሞም የፍሰቱ ልዩነት የሚታየው የብዙ ሰዎች አማካይ ከሌሎች አማካይ ጋር ሲነጻጸር ነው። የአንድን ልጅ ምስል አይቶ «ለዚህ ሪስፔሪዶን፣ ለዚያ ኦላንዛፒን» የሚል ሐኪም የለም፤ ካለም የሚያውቀውን አይደለም የሚናገረው።

ምስል በእርግጥ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ሕመሙ የጀመረው ከ40 ዓመት በኋላ ከሆነ፣ የሚጥል በሽታ ካለበት፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ ከነበረ፣ አንድ ጎኑ ከሰነፈ፣ ትኩሳት ካለው፣ ወይም አንዴ ነቃ አንዴ ድንግዝ እያለ የሚውል ከሆነ፣ ወዲያው መነሳት አለበት። ከነዚህ አንዱም ከሌለ ገንዘቡን ለመድኃኒቱና ለመመላለሻ አስቀምጡት፤ ሕክምናው የሚበላሸው በየወሩ ተመልሶ መምጣት ሲያቅት ነው።

«እናቴ 76 ዓመታቸው ነው። ከመርሳት ጋር ሌሊት ይነሳሉ፣ ይጮኻሉ፣ ሌባ ገባ ይላሉ። ሪስፔሪዶን ታዘዘላቸው። ይኼ መድኃኒት በሽማግሌ ላይ ስትሮክ ያመጣል የሚባለውን ሰምቼ ፈራሁ።» (ከፒያሳ)

የሰሙት እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከመርሳት በሽታ ጋር ለሚኖሩ አረጋውያን በሚሰጡት አዳዲሶቹ ፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒቶች ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በ2008 ነባሮቹን ጨመረበት። ወደ 10 ሳምንት በፈጁ ሙከራዎች መድኃኒቱን ከወሰዱት 4.5 በመቶ ያህሉ ሲሞቱ፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት የሞቱት 2.6 በመቶ ያህሉ ነበሩ። በሪስፔሪዶን ሙከራዎች የስትሮክም ቁጥር ከፍ ብሎ ታይቷል። ግፊት በድንገት መውረዱ፣ እንቅልፍ በዝቶ ውኃ አለመጠጣቱ፣ አልጋ ላይ መዋሉ ሁሉም ሊያግዙ የሚችሉ ምክንያቶች ናቸው፤ በዕድሜ የጠበበ ደም ስር እንደ ወጣቱ አይሰፋም።

ይህ ማለት ግን መድኃኒቱ ጨርሶ አይሰጥም ማለት አይደለም። እናትዎ ራሳቸውን ወይም ሌላውን የሚጎዱ ከሆነ ሐኪሙ ሊመርጠው ይችላል። ከዚያ በፊት ግን መታየት ያለበት አለ፦ ሽንታቸው ያቃጥላቸዋል? ስንት ቀን ሆድ ድርቀት ይዟቸዋል? የሚያማቸው ጥርስ ወይም ጉልበት አለ? መስማትና ማየት ቀንሷል? የሽንት ኢንፌክሽን ብቻውን አንዲትን አሮጊት ሌሊቱን ሙሉ ሲያስጮኽ ያድራል፤ ሲታከም ጩኸቱ ይቆማል። ክፍላቸው ውስጥ ትንሽ መብራት ማታ ይብራ፤ «ሌባ» የሚሉት አንዳንድ ጊዜ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጋቢ ነው።

ሪስፔሪዶኑ ከተጀመረ የሚጀመረው በ0.25 ሚ.ግ ዓይነት ትንሽ መጠን ነው። ክኒኑ 2 ሚ.ግ ሆኖ በቢላ እየተከፈለ ከሆነ እኩል አይከፈልምና ፋርማሲው አነስተኛውን ወይም ፈሳሹን እንዲፈልግልዎ ይጠይቁ። ደግሞ «እስከ መቼ?» ብለው ይጠይቁ። ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ታይቶ መቀነስ ወይም መቆም አለበት። ዓመታትን አብሮ የሚከርም ትእዛዝ ለእናትዎ አይሆንም። ፊታቸው ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ ክንዳቸው ካልተነሳ፣ ንግግራቸው ከተንተባተበ ሰዓቱን ጽፈው በዚያው ቅጽበት ወደ ሆስፒታል።

«ልጄ መርፌ በተወጋ በማግስቱ አንገቱ ወደ ኋላ ተጠምዝዞ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቀለ፣ ምላሱ ወጣ። ስትሮክ መሰለን፣ ሌሎች መንፈስ ነው አሉ። ምንድን ነው?» (እናት፣ ከቆላ ድባ)

ስትሮክም መንፈስም አይደለም፤ ዲስቶኒያ ይባላል። ዲ2 በድንገት በብዛት ሲያዝ የአንገት፣ የዓይንና የምላስ ጡንቻዎች በራሳቸው ይኮማተራሉ። አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም መጠኑ በጨመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይመጣል፤ ወጣት ወንዶች ላይ ይበዛል። ከስትሮክ የሚለየው እንዲህ ነው፦ ስትሮክ ላይ ጡንቻው ይዝላል፣ አንዱ ጎን ይወድቃል። ዲስቶኒያ ላይ ጡንቻው ይጠነክራል፣ ይጎትታል፣ ልጁም ይሰማል፣ ያውቃችኋል፣ ያመዋል።

ጤና ጣቢያ ቶሎ ውሰዱት። እንደ ፕሮሜታዚን ያለ መርፌ ከተሰጠው ብዙ ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይፈታል፤ ከዚያ ለጥቂት ቀናት አርቴን ይቀጥላል። አንገቱን በጉልበት ለማቃናት አትሞክሩ። ጉሮሮው ተይዞ መተንፈስ ካስቸገረው ደቂቃ አታጥፉ። የተወጋው ሞዴኬት የሚባለው ቀስ እያለ የሚሠራ መርፌ ከሆነ መድኃኒቱ ሰውነቱ ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆይ ሊደጋገም ይችላል፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ቀጠሮ ሲደርስ መርፌውን የሚወጋው ሰው አስቀድሞ ይወቀው። ከመጠምዘዙ ጋር ከፍተኛ ትኩሳት፣ ላብና መላ ሰውነት እንደ እንጨት መድረቅ ከመጣ ግን ያ ሌላ፣ ገዳይ የሆነ ሁኔታ ነው፤ ሆስፒታል ብቻ ነው የሚረዳው።

«የጤና ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ፋንክሽናል ኤምአርአይ የሚያየው ደምን ከሆነና መድኃኒቱ ራሱ ደምን ከቀየረ፣ የመድኃኒት ጥናቶችን እንዴት እናምናለን?» (ከጎንደር)

ጥያቄህ መሠረታዊ ነው። ፋንክሽናል ኤምአርአይ፣ ማለትም አንጎል ሲሠራ የሚያሳየው የምስል ምርመራ፣ የሚያነበው ኦክስጅኑን የሰጠ ሄሞግሎቢንን ነው፤ እሱ የመግነጢስ ባሕርይ ስላለው ምልክቱን ያደበዝዛል። ነርቭ ሲሠራ የሚመጣው ደም ከሚፈለገው በላይ ስለሆነ ኦክስጅን የሰጠው ድርሻ ይቀንስና ምልክቱ ይደምቃል። መድኃኒቱ መነሻ ፍሰቱን ከፍ ካደረገው ግን የነርቩ ሥራ ሳይቀየር ልዩነቱ ብቻ ሊያንስ ይችላል። «አንጎሉ ሰነፈ» ተብሎ የተጻፈው አንዳንዱ የደም ስር ጉዳይ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ጽሑፍ ስታነብ ይህን ፈልግ፦ መነሻ ፍሰቱ በራሱ ተለክቷል? የሚለካው አንገት ላይ ያለውን ደም በሬዲዮ ሞገድ ምልክት አድርጎ፣ ወደ 1.8 ሰከንድ ጠብቆ፣ አንጎል ሲደርስ በማንሳትና ምልክት ካልተደረገበት ምስል በመቀነስ ነው። ልዩነቱ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ደጋግሞ ማንሳት ግድ ነው፤ ጭንቅላት ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ይጠፋል። ታማሚው እየተቁነጠነጠ የተነሳ ምስል እንዴት እንደታረመ ካልተጻፈ ተጠራጠር። አተነፋፈሱም ተመዝግቧል? በደም ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት በ1 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲወርድ የአንጎል ፍሰት ከ3 እስከ 4 በመቶ ይቀንሳል፤ በፍርሃት ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሰው ያለ ምንም መድኃኒት ፍሰቱን ይጥላል። የመጨረሻው ክኒን ስንት ሰዓት ላይ እንደተወሰደ፣ ቡና ተጠጥቶ እንደነበረና ሲጋራ ተጭሶ እንደነበረም መጻፍ አለበት።

«መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ቡና፣ ጫትና ሲጋራ ይከለከላል?» (በርካታ አንባብያን)

ቡናን አንከለክልም። ግን ይህን እወቁ፦ 250 ሚ.ግ ያህል ካፌይን የአንጎልን የደም ፍሰት በሩብ ገደማ ይቀንሳል። አቦልና ቶናውን የጠጣ ሰው አንጎል ውስጥ የሚወርደው ፍሰት ክኒኑ ከሚያመጣው ለውጥ ይበልጣል ለማለት ይቻላል፣ «ቡና ደም አደረቀው» የሚል ሰው ግን አልሰማንም። በጾም ቀን ጠዋት ራስ የሚያመውም በከፊል ለዚህ ነው፤ ካፌይኑ ሲቀር ጠበው የነበሩት ደም ስሮች ይሰፋሉ። ለታማሚው ማታ በረካ አይሰጠው፤ እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ይቀሰቅሳል።

ጫት ግን የተለየ ነው። በውስጡ ያለው ካቲኖን ዶፓሚንን ከማከማቻው ያስወጣል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ደም ስርን ያጠባል። ክኒኑ በአንድ በር የሚያስወጣውን ጫቱ በሌላ በር ያስገባዋል። እየቃሙ የመድኃኒት መጠን መጨመር የጎን ጉዳትን ብቻ ነው የሚጨምረው።

ሲጋራ ደግሞ ጉበት ክሎዛፒንንና ኦላንዛፒንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። አጫሽ ሲያቆም እንደ ድንቅ ነገር ደስ ይበለን፣ ግን ለሐኪሙ ሳይነግር አያቁም፤ ክሎዛፒን የሚወስድ ከሆነ በደሙ ውስጥ ያለው መጠን በአንድ ሳምንት ገደማ በግማሽና ከዚያ በላይ ሊጨምር ይችላል። እንቅልፍ ይበዛበታል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ሲቆም ይወድቃል። ስለዚህ ማጨስ ያቆመበትን ቀን ካርዱ ላይ ያስጽፍ፤ በዚያው ሳምንት ተኝቶም ቆሞም ግፊቱን ይለካ።